ቁራሌው ከመምጣቱ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ቁራሌው ለሃይላንዶችሽ የሰጠሽ ዋጋ አንሶብሽ እንዳዘንሽ ጽፈሽልኛል። ሰውየው አልበደለሽም። ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከ10 እስከ 20 ግራም ብትመዝን ነው፤ ኪሎ ለመሙላት ከ50 እስከ 100 ፍሬ ይፈልጋል። ሳትጨፈልቂው ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ስትከቺው ደግሞ አየር ነው የምታሸክሚው። ቆሻሻ ዋጋ የሚያጣው ሲቀላቀል ነው፤ የለየ ሰው ለቁራሌው ግማሹን ሥራ ጨርሶለታል።

ውሃውን ደፍተሽ፣ ክዳኑን ፈተሽ ለብቻ አድርጊና ጠርሙሱን ጨፍልቂው። ጠርሙሱ ፔት የሚባለው ፕላስቲክ ነው፤ ቂጡ ላይ ሦስት ማዕዘን ውስጥ 1 ቁጥር አለበት። ክዳኑ አብዛኛውን ጊዜ 2 ወይም 5 ቁጥር ነው። ፔት የሚቀልጠው በ250 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ክዳኑ ከ130 እስከ 165 ባለው ይቀልጣል፤ አብረው ቢቀልጡም ስለማይዋሃዱ የሚሠራው ዕቃ ይሰነጠቃል። ከተጠራጠርሽ ቆርጠሽ ውሃ ውስጥ ጣዪው፤ ፔት ይሰምጣል፣ ክዳኑ ይንሳፈፋል። ፕላስቲኩን አቅልጦ የሚሠራበት ፋብሪካም የሚለየው በዚሁ መንገድ ነው። 3 ቁጥር፣ ማለትም ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ፣ ግን እንደ ፔት ስለሚሰምጥ ውሃ አይለየውም። ከፔት ጋር እቶን ከገባ በሙቀቱ ይፈራርሳል፣ አሲድ ይለቃል፣ ፔቱንም ያበላሸዋል። ስለዚህ እሱን በእጅሽ ልቀሚው። ላምባ የነበረበትንም ከንጹሑ ጋር አትቀላቅዪ፤ ሽታው በውሃ አይለቅም።

ለብረቱ ማግኔት ይበቃሻል። ማግኔቱ ካልያዘው ቆርቆሮ መካከል በቀላሉ የሚታጠፈው አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል፤ ዋጋው ይሻላል፣ ምክንያቱም ያገለገለውን ማቅለጥ ከማዕድኑ አዲስ ለማውጣት የሚጠይቀውን ኃይል 95 በመቶ ገደማ ያድናል። የመዳብ ሽቦ ልባሱን በእሳት እንዳታነጂው አደራ! ጭሱ መርዝ ነው፣ መዳቡም ይጠቁርና ዋጋው ይወርዳል። በቢላ ላጪው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትሄጂ ያ ሁሉ ብረትና ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ እንዴት እንደገና ዕቃ እንደሚሆን ታያለሽ፤ የመኪና ጎማ እንኳን በረባሶ ሆኖ ይወጣል።

ካርቶን ደረቅ ይሁን። ወጥ የነካው ግን፣ ቅባቱ ካርቶኑ በውሃ ሲቦካ ከሚሆነው ጭቃ ጋር ስለማይዋሃድ አዲሱን ወረቀት ያበላሻል። የቢራ ጠርሙስ አፉ ከተሸረፈ ቆርኪው አይገጥምምና መልሰው አይሞሉትም።

የወጥ ቤቱ ቆሻሻ ግን ከሁሉ ይከብደኛል። አዲስ አበባ ከየቤቱ የምታወጣው ቆሻሻ አብዛኛው እርጥብ ነው፤ እሱ ነው ሌላውን የሚያበላሸው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የከተማዋ የቆሻሻ ክምር ቆሼ ሲናድ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። በዚያ ክምር ላይ እየለቀሙ ይኖሩ የነበሩት ሰዎች ይፈልጉ የነበረው እኛ ከልጣጭ ጋር ቀላቅለን የላክነውን ፕላስቲክና ብረት ነው። በ2010 ዓ.ም. አጠገቡ የተመረቀው የረጲ የኤሌክትሪክ ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታስቦ ተሠራ፤ ቆሻሻው እርጥብ ሲሆን ግን ሙቀቱ በመጀመሪያ ውሃውን በማትነን ያልቃል።

ስለዚህ የወጥ ቤቱን ቆሻሻ የአፈር ማዳበሪያ ለማድረግ በረንዳሽ ላይ 20 ሊትር ባልዲ አስቀምጪ፤ ከታችና ከጎን ብዙ ቀዳዳ ብሺው። አንድ እጅ ልጣጭና የቡና አተላ ስታስገቢ፣ ሁለት ሦስት እጅ ሰጋቱራ ወይም ደረቅ ቅጠል ጨምሪበት። በሳምንት አንዴ አገላብጪው። ጨብጠሽ ስትጨምቂው አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣ ልክ ነው። ከገማ ርሷል፣ አየር አጥቷል፤ ሰጋቱራ ጨምሪ። ሥጋና ቅባት አይጥና ዝንብ ይጠራሉና አታስገቢ። እንጀራ ደግሞ ከደረቀ ድርቆሽ ነው እንጂ ቆሻሻ አይደለም! ባልዲ እንደ ትልቅ ክምር አይሞቅም፣ ስለዚህ ሦስት አራት ወር ይፈጃል። ጠቁሮ የአፈር ሽታ ሲሸት ደርሷል።

የተሰበረ ብርጭቆን ግን በፌስታል አትጣዪው። በካርቶን ጠቅልለሽ በገመድ እሰሪና «ስባሪ» ብለሽ ጻፊበት። ቆሻሻ የሚሰበስበው ማኅበር የሚልካቸው ልጆች ብዙዎቹ ጓንት የላቸውም።

እናትሽ