ለገና ስትመጪ ቦት ጫማሽን ያዢ

ልጄ፣ የኔ እናት፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ ክብር ለእሱ ይሁን። ጉልበቴም ደህና ነው። መጀመሪያ የምትጠይቂኝ እሱን ስለሆነ አስቀድሜ ልንገርሽ ብዬ ነው።

ስልክ ላይ «በላሽ? በረደሽ? እሺ ደህና እደሪ» ብለን እንዘጋዋለን። ይኼኛውን ግን በስልክ መናገር አቃተኝ። ስለዚህ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ክፍልሽን ሳጸዳ ከአልጋሽ ሥር የስዕል ደብተርሽን አገኘሁት። ጥቁር ሽፋን ያለው፣ ጠርዙ ውሃ ጠጥቶ ያበጠው። ሥራዬን ትቼ አልጋሽ ላይ ቁጭ ብዬ ገለጥኩት። መሃሉ ላይ ላቱሬል ፏፏቴ አለ። ጥጉ ላይ «ዲሴምበር 2015» ብለሽ ጽፈሻል። የ11 ዓመት ልጅ ነበርሽ። ጎን ለጎን የቆሙትን የድንጋይ ዓምዶች አንድ በአንድ ስለሻቸዋል። ድንጋዩ ላይ የተለጠፈውን ቢጫ እንኳ በቀለም ነክተሽዋል። ከመሃል በታች ግን ሁሉም ነገር ይቆማል። ነጭ ወረቀት ነው። ውሃው መሬት አይደርስም።

ለምን እንደቆመ ወዲያው ትዝ አለኝ። «ተነሺ በቃ፣ በረደኝ፣ እንሂድ» ያልኩሽ እኔ ነኝ። «አምስት ደቂቃ ብቻ፣ እማ» ብለሽኝ ነበር። አልሰጠሁሽም። ክንድሽን ይዤ አስነሳሁሽ።

ያን ጊዜ የሌሊት ፈረቃ ነበር የምሠራው። እንቅልፍ ሳልተኛ ነበር ይዤሽ የወጣሁት። ግን ድካሙ ብቻ አልነበረም። ቁጭ ብሎ ውሃ ማየት ሥራ ፈትነት ይመስለኝ ነበር። እኔ ባደግኩበት ገደል የሚወረደው ለእንጨት፣ ለውሃ ወይ ለጠበል ነው። ወርደሽ፣ ጉዳይሽን ጨርሰሽ፣ ሳይመሽ ትወጫለሽ። ለመሳል የሚወርድ ሰው አላየሁም። ይቅር በይኝ፣ ልጄ። ይኼን ለማለት ነው ወረቀት ያነሳሁት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ነው። አብራኝ የምትሠራ ሴት መኪና ይዛ ትመጣለች። እሷ ፎቶ ታነሳለች፣ እኔ እስላለሁ። አዎ፣ እኔ። የራሴን ደብተር ገዛሁ።

አንድ ነገር ገረመኝ። ፈረንጅ ክረምት ሲል ብርድ ማለቱ ነው። እኛ ክረምት ስንል ዝናብ ነው። እዚህ ኦሪገን ላይ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። ከኖቬምበር ጀምሮ ልክ እንደኛ ሐምሌ ያለማቋረጥ ይዘንባል። በበጋ እንደ ክር የቀጠነው ፏፏቴ ሁሉ ይሞላል። ጢስ ዓባይም እንደዚሁ ነው። ባሕር ዳር ልጅ ሆነን ነሐሴ ላይ ስንሄድ፣ ፏፏቴውን ሳናየው ጭሱን ነበር ከሩቅ የምናየው። በግንቦት የሄደ ሰው ግን ባብዛኛው ድንጋይ አይቶ ይመለሳል። በኋላማ ውሃው ለመብራት ማመንጫ እየተጠለፈ ይብሱን ሳሳ። ሰው ሁሉ ወደ ኮሎምቢያ ወንዝ ሸለቆ የሚጎርፈው በጁላይ ነው። መልትኖማ ፏፏቴ ጋ ያኔ መኪና ማቆሚያ አይገኝም። አሁን ነይ። 189 ሜትር ሙሉ እየጮኸ ሲወርድ፣ ድምፁ ደረትሽ ውስጥ ይገባል።

እኔ የወደድኩት ግን መልትኖማን አይደለም፤ ዋክሌላን ነው። ከቦንቪል ግድብ ትይዩ ነው መግቢያው። ደርሶ መልስ 3 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ለኔ ጉልበት ልክ ነው። ታነር የሚባለውን ጅረት ይዘሽ ትገቢያለሽ። ትንሽ እንደሄድሽ ድልድይ አለ። ከጎኑ ሌላ ትንሽ ፏፏቴ ስለሚወርድ ሳትረጠቢ አታልፊም። ከዚያ ሸለቆው እየጠበበ ይሄዳል። ግራ ቀኙን ሳረንስት ለብሷል፤ አረንጓዴው ዓይን ይሞላል። መጨረሻው ላይ ዋናው ፏፏቴ ከሁለት ገደል መሃል ይወረወራል። ታች ኩሬው ጋ ቤት የሚያክሉ ድንጋዮች ተከምረዋል። በፈረንጆቹ 1973 ተንዶ የወረደ ነው። እኔ ከነሱ ፊት ለፊት አንድ ጠፍጣፋ ቦታ አለችኝ። ላስቲክ አንጥፌ እቀመጣለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ውሃውን ልስል ሞከርኩ። መስመር ላይ መስመር ደረብኩ። ፀጉር መሰለ። ሁለተኛውም ቀን እንደዚያው። ሦስተኛው ቀን ደብተርሽን ይዤ ሄጄ ያንቺን ገጽ አጠገቤ ዘረጋሁት። ለካ አንቺ ውሃውን ጭራሽ አልነካሽውም! የሳልሽው ድንጋዩን ነው። በሁለቱ በኩል ጥቁሩን አጥብቀሽ አጥቁረሽ፣ መሃሉን ባዶ ትተሽዋል። ውሃው ወረቀቱ ራሱ ነው። ድንጋዩ ሲቋረጥ ነው ውሃውም የተቋረጠው። የ11 ዓመት ልጅ ሆነሽ ይኼን ማን ነገረሽ? እኔስ እንዴት ሳላየው ቀረሁ?

እኛ አገር ቤት የሚሠራበት ጥቁር ድንጋይ አለ አይደል? ይኼም እሱ ነው። ባዛልት ይሉታል። እዚህ የዛሬ 16 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከመሬት ፈልቆ እንደ ጎርፍ የፈሰሰ ነው። የኛም ደጋ እንዲሁ ነው የተሠራው፤ የኛው ግን ይበልጣል፣ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። ጢስ ዓባይም የሚወርደው እሳተ ገሞራ ባፈሰሰው ድንጋይ ላይ ነው። ለዚህ ነው መሰለኝ መጀመሪያ ቀን ገደሉን ሳየው እንግድነት ያልተሰማኝ። ፏፏቴው ለምን እዚህ ብቻ እንደበዛ ደግሞ ማታ ማታ አነበብኩ። ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት ሞንታና ላይ በበረዶ ግግር የተገደበ ትልቅ ሐይቅ ነበር። ግድቡ በተደጋጋሚ እየተሰበረ፣ ጎርፉ በዚህ ሸለቆ እያለፈ ጎኑን ቆርጦ ወሰደው። ትናንሾቹ ጅረቶች ከላይ ተንጠልጥለው ቀሩ። መውረጃቸው ገደል ሆነ።

ባለፈው ቅዳሜ ብርዱ ከዜሮ በታች ወረደ። ከምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ ታውቂዋለሽ፣ ፊት ይቆርጣል። የውሃ ቀለም ይዤ ነበር። አረንጓዴውን በብሩሽ እንዳኖርኩት ወረቀቱ ላይ ዓይኔ እያየ በረዶ ሆነ። ቀለሙ እንደ ላባ ተሰነጣጠቀ፤ ትንንሽ ቅርንጫፎች አወጣ። እኔ አልሳልኩትም፣ ብርዱ ነው የሳለው። ቤት ወስጄ ሲደርቅ ላባው እንዳለ ቀረ። ታዪዋለሽ፣ አስቀምጬልሻለሁ።

ደግሞ አንዲት ወፍ አለች። ግራጫ፣ ድምቡሽቡሽ ያለች፣ ጡጫ የማታክል። ድንጋይ ላይ ቆማ በጉልበቷ እጥፍ ዘርጋ ትላለች። ከዚያ ዘው ብላ የሚፈሰው ውሃ ውስጥ ትገባለች። ሰጠመች ስትይ በሌላ በኩል ትወጣለች። አራት ጊዜ ልስላት ሞክሬ አራቱም ጊዜ ጀርባዋ ብቻ ነው የወጣልኝ። አንቺ እጅሽ ፈጣን ነው፣ ትይዣታለሽ።

አታስቢ፣ እጠነቀቃለሁ። ጫማ ላይ የሚታሰረውን ባለ ጥርስ ብረት ገዝቻለሁ። በረዶ ሲንጠለጠል ከሥሩ አልቆምም። በዚህ ወር በኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ ስለምትጠልቅ 9 ሰዓት ላይ ወደ መኪናው እንመለሳለን። እስክሪብቶ ግን ይዘሽ እንዳትመጪ፤ የኔ ቀለሙ በካፊያው ታጥቦ አንድ ሙሉ ገጽ ሰማያዊ ኩሬ ሆኖብኛል። እርሳስ ነው የሚያዋጣው፣ ለስላሳው። ጣቱ የተቆረጠ ጓንትም ሠርቼልሻለሁ፣ በክር።

መንገዱ ላይ የተቃጠሉት ዛፎች እስካሁን ቆመዋል። በፈረንጆቹ 2017 ጫካው ሲቃጠል፣ ፖርትላንድ መኪናችን ላይ አመድ ሲዘንብ፣ አመዱን በጣትሽ ነክተሽ ያለቀስሽውን አልረሳሁም። ጥቁር ግንዶች ናቸው አሁን። ከሥራቸው ግን ፈርን የሚሉት ቅጠላ ቅጠል ወገብ ድረስ ደርሷል። እሱንም አንቺ አይተሽ ብትስይው ይሻላል፤ እኔ አረንጓዴና ጥቁሩን ማስማማት አልቻልኩም።

ለገና ስትመጪ ከዳላስ ቦት ጫማሽን ይዘሽ ነይ። በዓሉን ውለን በማግሥቱ በጠዋት ላቱሬል እንሄዳለን። ያንቺን ገጽ አልነካሁትም፤ እርሳስም አላሳረፍኩበትም። ዳቦና ቆሎ እይዛለሁ። ሻይ በትልቁ ፔርሙስ፤ ስድስት ስኒ ይወጣዋል። በዚያ ሳምንት ፈረቃ የለኝም፣ አስፈቅጃለሁ።

እናትሽ