የዛፏ ሽኮኮ መሻገሪያ አጥታለች፤ ችግኝ አብረን እንትከል

ወገኖች፣ ይህን የምጽፍላችሁ ከቦንጋ ወጣ ብሎ ካለው ሰፈራችን ነው። ጉዳዩ የዛፍ ሽኮኮ ነው። ድንጋይ ላይ የምትታየዋን፣ መጽሐፍ ቅዱስም የሚያነሳትን ሽኮኮ ማለቴ አይደለም፤ በስም ተሻሙ እንጂ ዘመድም አይደሉም። የኛዋ ከዛፍ ዛፍ የምትዘለዋ፣ ጅራቷ ላይ 14 ያህል ቀለበት ያላት፣ ሩብ ኪሎ ወይም ትንሽ በለጥ ያለች ናት።

ሌሊቱን ዝናብ ሲጥል አድሮ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ቅርንጫፍ ላይ በሆዷ ለጥ ትልና ጅራቷን ቁልቁል ለቃ ትሞቃለች። እናቴ ቡና ስትቆላ እኔ ከደጃፍ ሆኜ እሷን ነበር የማየው። ትንሽ ስትሞቅ ወደ ሾላው ትሄዳለች፣ ፍሬውን በሁለት እጇ እያዞረች ትበላለች፣ ግማሹን ደግሞ ትጥላለች።

ያ ሾላ አሁን የለም፣ ተቆርጧል። በወንዙ ዳር የነበሩት ዋንዛና ብሳናም አንድ ባንድ አልቀው ቦታቸውን ባሕር ዛፍ ያዘው። ባሕር ዛፍ ቤት ይሠራል፣ ለችግር ጊዜም ገንዘብ ይሆናል፤ የተከለውን ሰው አልወቅስም። ግን ለሽኮኮ የሚበላ ፍሬ የለውም። ቶሎ ተቆርጦ ስለሚሸጥም እንደ አሮጌ ዛፍ ሆዱ አይቦረቦርም፣ እሷ ደግሞ የምታድረው እንዲህ ያለ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ወርዳ በሜዳው ልሻገር ብትል ውሻና ጭልፊት አለ። ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ያለው ደን ተቆራርጦባታል።

ዝርያዋ ከዓለም ልትጠፋ ነው ብዬ ላስፈራራችሁ አልፈልግም፤ ከሴኔጋል እስከ እኛ ድረስ ትገኛለች። ከኛ ሰፈር ግን እየሄደች ነው። ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. በመዘገበው የከፋ ደን አጠገብ እየኖርን ልጆቻችን ሳያዩዋት ሲያድጉ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ሁለቱን ደን በወንዙ ዳር መልሰን ልናገናኝ 2,000 ሾላ፣ ዋንዛና ጥቁር እንጨት እናፈላለን። መሬቱን ገበሬዎቹ ፈቅደዋል፣ ጉልበቱም የኛ ነው። የጎደለን ለችግኝ ፕላስቲክ፣ ለአጥርና ከብት እንዳይገባ ለሚጠብቅልን ሰው የሚከፈል ገንዘብ ነው። 100 ብር አንድ ችግኝ ሁለት ዓመት ያሳድጋል። አሜሪካም ሆነ ዱባይ ያላችሁ፣ የአንድ ቀን የቡና ወጪያችሁ እዚህ ብዙ ይሠራል። ሂሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ነው፤ ቁጥሩን በውስጥ መስመር ጠይቁን፣ የወጣውንም በየወሩ እዚሁ እንለጥፋለን።

ጉድጓዱን በግንቦት እንቆፍራለን፣ ተከላው ሰኔ ላይ ነው። የድሮው ሾላ የነበረበትን ቦታ ለመጀመሪያው ችግኝ አስቀርተነዋል።