የኒሙን ውኃ ደፍታችሁ ስም የሌለው ኬሚካል ለምን አደላችሁን?

ለወረዳችን ግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣ ማመልከቻ አስገባን፤ «ይታያል» ተባልን። ቢሮዎ ድረስ መጣን፤ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልን። ከዚህ በኋላ ሰው ሁሉ እያየው መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

ነገሩን ያውቁታል። ባለፈው የማንጎ ወቅት ጎረቤቴ፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት፣ ማንጎዋን ከፍራፍሬ ዝንብ ለመከላከል የኒም ዛፍ ፍሬ ወቅጣ በጀሪካን ዘፍዝፋ አሳደረች። ጠዋት የእርስዎ ባለሙያ መጣ። «ያልተመዘገበ መድኃኒት ነው» ብሎ ዓይኗ እያየ ደፋባት። በዚያው ሳምንት ያው ሰውዬ በውኃ ፕላስቲክ የተገለበጠ ኬሚካል አደለን። ስም የለው፣ መጠን የለው፣ ከተረጨ ከስንት ቀን በኋላ እንደሚለቀም የሚናገር ጽሑፍ የለው። ምንድን ነው ስንለው «የዝንብ ነው፣ እርጩ» አለን። በቃ!

የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002ን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ ይከለክላል፤ ስለ ማሸጊያና ስለ ገላጭ ጽሑፍም ይናገራል። ለእሷ ጀሪካን የሠራ ሕግ ለእናንተ ፕላስቲክ የማይሠራው ለምንድን ነው?

ይህ የፍራፍሬ ዝንብ ከእስያ የመጣ ነው። በ1995 ዓ.ም. ኬንያ ውስጥ ከታየ ወዲህ ብዙ የአፍሪካ አገሮችን አዳርሷል። ማንጎውን ከሩቅ ሲያዩት ጤነኛ ነው። ጠጋ ሲሉ ግን መርፌ የወጋት የምትመስል ነጥብ አለች። ጫን ሲሏት ውኃ ታወጣለች። ሲቆረጥ ትል ይርመሰመሳል፤ ነጋዴውም ጥሎን ይሄዳል። ትሉ አንዴ ሥጋው ውስጥ ከገባ ልጣጩን በኬሚካል ማጠብ ምን ይረባል? ዝንቧን እንቁላል ሳትጥል ነው ማራቅ።

ኒምን የመረጥነው ለዚህ ነው። የኒም ፍሬ ውስጥ ያለው አዛዲራክቲን የሚባል ንጥረ ነገር ተባዩን ከማንጎው ያሸሻል፤ የተፈለፈለውም በወጉ እንዳያድግ ያደርጋል። ወዲያው አይገድልም። ፀሐይ ስለሚያበላሸው አመሻሽ ላይ ይረጫል፤ ደግሞ ደጋግሞ ነው። 50 ግራም የተወቀጠ ፍሬ ለ1 ሊትር ውኃ፣ አድሮ ይጠለላል፣ ትንሽ ሳሙና ይገባበታል። ይህን ከየት አመጣነው? አዳራሽ ሰብስባችሁ፣ አበል ከፍላችሁ ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁ! ያስተማራችሁትን ስትሠራ ነው የደፋችሁባት።

ከዕፅዋት የመጣ ሁሉ ደህና ነው አላልንም። የብርብራ ዛፍ ፍሬም ተባይ ይገድላል፤ ዓሣም ይፈጃል። የምንኖረው አባያ ሐይቅ ዳር ስለሆነ አልነካነውም። ኒም ብቻውን ይበቃል አላልንም። የወደቀውን ማንጎ በየቀኑ እየለቀምን በጥልቅ እንቀብራለን። አርሶ አደር የሚረጨውን ነገር አያውቅም ብላችሁ አታስቡ።

ጽሕፈት ቤትዎ ግቢ ውስጥ ያሉት የኒም ዛፎች ፍሬያቸው ሲረግፍ ተጠርጎ ይቃጠላል። ለእኛ ይሰጠን። ለመውቀጡና ለመርጨቱ የልማት ሠራተኛው አብሮን ይቁም። ባለሙያውም ጎረቤቴን በሰው ፊት ይቅርታ ይጠይቃት፤ ያዋረዳት በሰው ፊት ነውና።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር በጽሑፍ ይመለስልን፦ ማሳችን ላይ ያስረጫችሁን ኬሚካል ስሙ ማን ይባላል? ልጆቻችን ከዚያ ማንጎ በልተዋል።

ከአባያ ዳር፣ አንድ የማንጎ አምራች