አንድ ገቢ፣ ሁለት ግብር ሰብሳቢ፦ ከሐዋሳ ለገንዘብ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ገንዘብ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የአሜሪካ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይዘው በአገራችን ለሚኖሩ ግብር ከፋዮች የሚያገለግል የግብር ማስረጃ እንዲሰጣቸውና የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት ድርድር እንዲጀመር ስለመጠየቅ

ክቡር ሚኒስትር፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍልዎ በሐዋሳ ከተማ የሂሳብ መዝገብ በመያዝና የግብር ማስታወቂያ በማዘጋጀት ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ነን። ከአሜሪካ ተመልሰው ሐይቅ ዳር ቤት የሠሩ፣ መናኸሪያ አካባቢ ፔንሲዮን የከፈቱ፣ ተቀጥረው የሚያገለግሉ ወገኖች አሉ። ኑሯቸው እዚህ ነው፤ ገቢያቸውም እዚህ ነው፤ ግብራቸውንም እዚህ ይከፍላሉ። የያዙት ፓስፖርት የአሜሪካ በመሆኑ ግን ያንኑ ገቢ በየዓመቱ ለአሜሪካም ማስታወቅ አለባቸው።

ሌላው ዓለም ሰውን የሚያስገብረው በሚኖርበት ቦታ ነው። እኛም በአዋጅ ቁጥር 979/2008 በዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ የተቀመጠውን ነዋሪ እንለዋለን። በዜግነት የሚያስገብሩት አሜሪካና ኤርትራ ናቸው። የአሜሪካው ልማድ የጀመረው በእርስ በርስ ጦርነታቸው ዘመን ነው። ሜክሲኮ ሲቲ ይኖር የነበረ አንድ አሜሪካዊ ቢከራከርም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1924 ሥርዓቱን አጽንቶታል። ግሪን ካርድ የያዘም ከዜጋ እኩል ይታያል። ብዙዎች የካርዱ ጊዜ ሲያልፍ ግዴታውም አብሮ ያለቀ ይመስላቸዋል። አላለቀም። ካርዱ በፎርም አይ-407 በይፋ ካልተመለሰ ወይም በባለሥልጣን ውሳኔ ካልተሰረዘ፣ መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ የተቀመጠው ካርድ በየዓመቱ ግዴታ ይወልዳል።

የአሜሪካን ሕግ ይለውጡልን አንልዎትም፤ ያ የኮንግረሳቸው ሥራ ነው። የምንጠይቀው በእናንተ እጅ ያለውን ነው። የአሜሪካ ሕግ ለሌላ አገር የተከፈለን ግብር ያካክሳል፤ የሚያካክሰው ግን በማስረጃ ነው። ማስረጃውን የሚሰጠው የእኛ መንግሥት ነው። ሰዎቻችን የሚጎዱት በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ ፎርም 2555 ነው። በ12 ተከታታይ ወራት ውስጥ 330 ሙሉ ቀን ከአሜሪካ ውጭ የቆየ ሰው፣ ሠርቶ ካገኘው ገቢ ላይ እስከ 130,000 ዶላር ድረስ ከገቢ ታክስ ነጻ ይሆንለታል፤ ይህ የ2025 ጣሪያ ነው። ኪራይ፣ ወለድ፣ የአክሲዮን ትርፍ ድርሻ፣ ከቤት ሽያጭ የሚገኝ ጥቅም በዚህ መንገድ አያልፉም። ነጻ የሚሆነውም ማስታወቂያውን ያቀረበ ሰው ነው። «ገቢዬ ከጣሪያው በታች ስለሆነ አይመለከተኝም» ብሎ የተቀመጠ ሰው ተሳስቷል። ሁለተኛው ፎርም 1116 ነው፤ እዚህ የተከፈለው የገቢ ግብር ከአሜሪካው ግብር ላይ ይቀነሳል። የደመወዝ ግብራችን እስከ 35 በመቶ፣ የድርጅት ትርፍ ግብራችን 30 በመቶ በመሆኑ ለብዙዎቹ የሚሻለው ይህ ሁለተኛው ነው። ልጆች ላሏቸው በተለይ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ፎርም 2555ን የመረጠ ሰው ተመላሽ የሚሆነውን የልጆች ታክስ ክሬዲት ያጣል።

ታዲያ ፎርም 1116ን ለመሙላት ደረሰኙ ሲወጣ ችግሩ ይጀምራል።

የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። የእኛ የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ይሄዳል። የአሜሪካው የ2025 የግብር ዓመት በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ነው። አንዱ የእነሱ ዓመት የሁለት የእኛን በጀት ዓመቶች ግማሽ ግማሽ ይይዛል። ደረሰኙ ላይ «የ2017 በጀት ዓመት የኪራይ ገቢ ግብር» ተብሎ ሲጻፍ፣ እዚያ የሚመረምረው ሰው 2017ን በራሱ አቆጣጠር አንብቦ የስምንት ዓመት አሮጌ ወረቀት ቀረበልኝ ይላል።

ቀኑ ለምንዛሬም ወሳኝ ነው። ግብሩ በተከፈለበት ዓመት ማካካሻ የሚጠይቅ ሰው ብሩን ወደ ዶላር የሚለውጠው በከፈለበት ዕለት ምንዛሬ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ምን እንደሚያስከትል በቁጥር እናሳይዎ። 500,000 ብር ግብር ሐምሌ 15 ቀን 2016 የከፈለ ሰው በ57 ብር ሒሳብ 8,770 ዶላር ገደማ ማካካሻ አለው። ያንኑ 500,000 ብር በጥቅምት 2017 መጨረሻ የከፈለ ሰው በ120 ብር ገደማ ሲሰላ 4,170 ዶላር አካባቢ ነው የሚያዝለት። ስለዚህ ቀኑ የደበዘዘ፣ ወይም በጀት ዓመቱን ብቻ የሚናገር ደረሰኝ ማለት ግማሽ ገንዘቡን ያህል የሚያከራክር ደረሰኝ ማለት ነው።

ሁለተኛው ስም ነው። ፀሐይ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በሦስት በአራት መንገድ ይጻፋል። አሜሪካ ሳለች የባሏን ቤተሰብ ስም የወሰደች ሴት እዚህ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሯ የወጣው በአባቷና በአያቷ ስም ነው። በፓስፖርቱ ላይ ያለችው ሴት እና በደረሰኙ ላይ ያለችው ሴት አንድ መሆናቸውን የሚያገናኝ አንድም ወረቀት የለም።

ሦስተኛው የግብሩ ዓይነት ነው። የሚካካሰው የገቢ ግብር ብቻ ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የቴምብር ቀረጥ፣ የሊዝ ክፍያ፣ የጣሪያና ግድግዳ ግብር፣ እንዲሁም ቅጣትና የመዘግየት ወለድ አይካካሱም። ሁሉም ባንድ ላይ ተደምረው አንድ ድምር ብቻ በሚታይበት ወረቀት ውስጥ ስንቱ የገቢ ግብር እንደሆነ ከፋዩ በአፉ ቢናገር የሚሰማው የለም። በሽያጭ ግምት ላይ የሚጣለው ግብር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። የአሜሪካ ደንብ የሚካካስ ግብር ወጪ ተቀንሶ በተጣራ ገቢ ላይ የተጣለ እንዲሆን ስለሚፈልግ፣ በግምት የከፈለ ሰው ማካካሻውን ሊከለከል ይችላል። ለእነዚህ ደንበኞች የምንመክረው አንድ ነገር ነው፦ አነስተኛ ነጋዴ ብትሆኑም መዝገብ ያዙ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችን አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ማኅተም ያለው የግብር ክፍያ ማረጋገጫ። በላዩ ላይ የግብር ከፋዩ ስም በፓስፖርቱ እንደተጻፈው፣ የፓስፖርት ቁጥሩና የመለያ ቁጥሩ፤ የግብሩ ዓይነት ከአዋጁ ሠንጠረዥ ጋር፤ ገቢው የተገኘበት ጊዜና ግብሩ የተከፈለበት ዕለት በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር፤ ዋናው ግብር፣ ቅጣቱና ወለዱ ለየብቻ ይሁኑ። ለተቀጣሪ ደግሞ አሠሪው በየወሩ ቀንሶ ያስገባው መጠን በወር በወር ይዘርዘር፤ ዓመቱ ታኅሣሥ መሐል ላይ ስለሚቆረጥ የዓመት ድምር ብቻ አይጠቅምም። አዲስ ሥርዓት መዘርጋት አያስፈልግም፤ መረጃው በመለያ ቁጥሩ ሥር አለ። የግለሰብ ነጋዴንና የኪራይን ግብር የሚሰበስቡት ክልሎችና ከተሞች ናቸውና፣ ቅጹ ከክልሎች ጋር በጋራ ካልወጣ ሐዋሳ ላለ ሰው አዲስ አበባ ያለ ቅጽ አይደርሰውም።

ሁለተኛው ጥያቄያችን የበለጠ ጊዜ የሚፈልግ ነው፤ ጉዳቱም ከሁሉም የከፋ በመሆኑ ትንሽ ይታገሡን። ለራሱ የሚሠራ ሰው የተጣራ ትርፉ በዓመት 400 ዶላር ከደረሰ 15.3 በመቶ የአሜሪካ ማኅበራዊ ዋስትና ክፍያ አለበት። ፎርም 2555 አያድነውም፤ እዚህ የተከፈለው የገቢ ግብርም አያካክሰውም። ቤቱን በወር ለአንድ ተከራይ ያከራየ ሰው በአብዛኛው ይህ አይመለከተውም። ክፍል በቀን የሚያከራይ፣ አንሶላ የሚቀይር፣ ቁርስ የሚያቀርብ ፔንሲዮን ግን ንግድ ነው። በዓመት 20,000 ዶላር የሚያህል ትርፍ ያገኘ የፔንሲዮን ባለቤት፣ 92.35 በመቶው ላይ ሲሰላ፣ 2,826 ዶላር ይጠየቃል። ለዚህ ብቸኛው መድኃኒት በሁለቱ መንግሥታት መካከል የሚደረግ የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት ነው። አሜሪካ እንዲህ ያለ ስምምነት ከሠላሳ ገደማ አገሮች ጋር አላት፤ ከአፍሪካ አንድም የለም። ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ለመሆን ብትጠይቅ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

«ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቁሙና ሽሹ» የሚል ምክር በየቦታው ይሰማል። ማኅበሩ ያንን 15.3 በመቶ ያስቀራል፤ ነገር ግን ከአሜሪካ ውጭ ያለ ማኅበር ባለቤቶች የሚሞሉትን ፎርም 5471ን ያመጣል። ይህን ፎርም ያላቀረበ ሰው ታክስ ባይኖርበት እንኳ በዓመት 10,000 ዶላር ይቀጣል። በማኅበሩ ትርፍ ላይ የሚመጣው የአሜሪካ ግብር እዚህ የተከፈለው ከ18.9 በመቶ በላይ ከሆነ በምርጫ ሊቀር ይችላል፤ የእኛ 30 በመቶ ከዚህ በላይ ነው። ምርጫው ግን በጊዜው ተጽፎ መቅረብ አለበት፤ ማስረጃውም ያው ከላይ የጠየቅነው ወረቀት ነው።

ተደራራቢ ግብርን ስለሚያስቀር ስምምነትም ብዙ ይባላል። አሜሪካ ከአፍሪካ ከግብፅ፣ ከሞሮኮ፣ ከቱኒዚያና ከደቡብ አፍሪካ ጋር አላት፤ ከእኛ ጋር የላትም። እውነቱን ለመናገር ስምምነቱ ዜጎቿን ከግብር አያወጣም፤ አሜሪካ በየስምምነቱ ዜጎቼን እንደ ወትሮው አስገብራለሁ የሚል አንቀጽ ታስገባለች። ጥቅሙ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ስምምነት ከሌለው አገር ኩባንያ የተገኘ የትርፍ ድርሻ ቅናሹን የግብር ተመን አያገኝም። ትውልደ ኢትዮጵያውያን የባንክ አክሲዮን እንዲገዙ በአዋጅ ቁጥር 1159/2011 ፈቅደናልና፣ ይህ ልዩነት ለብዙዎች ይሰማል። ይደረግ እንላለን፤ ግን ከማኅበራዊ ዋስትናው ስምምነት አይቅደም።

ባንኮችን በተመለከተ የብሔራዊ ባንክን ትብብር እንድትጠይቁልን እንፈልጋለን። የአሜሪካ ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት የሆነ ሰው ከአሜሪካ ውጭ ያሉት የባንክ ሂሳቦቹ ተደምረው በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀንም ቢሆን ከ10,000 ዶላር ካለፉ፣ ኤፍባር የሚባለውን የውጭ ባንክ ሂሳቦች ሪፖርት ለአሜሪካ ማቅረብ አለበት። የሚጻፈው በዓመቱ ውስጥ የታየው ከፍተኛ ቀሪ ሂሳብ ነው፤ የሚመነዘረው በዲሴምበር 31 ምንዛሬ ነው። ባንኮቻችን ለደንበኛ የሚሰጡት ማረጋገጫ ብዙ ጊዜ የዕለቱን ወይም የሰኔ 30ን ቀሪ ብቻ ያሳያል። ሌላም አለ፤ ሰው የማያስበው። ገንዘቡ የራሱ ባይሆንም የፈረመበት ሂሳብ ይቆጠራል። የእድር ገንዘብ ያዥ፣ የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ፈራሚ፣ በውክልና የእናቱን ሂሳብ የሚያንቀሳቅስ ልጅ ሁሉም ያስታውቃሉ። ሳያውቅ ለቀረ ሰው ቅጣቱ በአንድ ዓመት ሪፖርት እስከ 10,000 ዶላርና ከዚያም በላይ ነው፤ በየሂሳቡ እንዳይባዛ የከለከለው እ.ኤ.አ. በ2023 የተሰጠ የጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ውሳኔ ነው።

አጭር ግን ብዙ ቤተሰብ የሚያስቸግር አንድ ጉዳይ ደግሞ አለ። የአሜሪካ መለያ ቁጥር የሌላት ኢትዮጵያዊት ሚስት ከባሏ ጋር በጋራ ለማስታወቅ ቁጥር ማውጣት አለባት። ለዚህ ዋናውን ፓስፖርት መላክ ወይም ፓስፖርቱን ያወጣው መሥሪያ ቤት ራሱ ያረጋገጠው ቅጂ ማቅረብ በአብዛኛው ግድ ነው፤ የውልና ማስረጃ ማኅተም አይበቃም። የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት በታወቀ ክፍያና በታወቀ ቀን የተረጋገጠ ቅጂ የሚሰጥበት አሠራር በየክልሉ ቅርንጫፍ ቢኖረው፣ ማንም ሰው ፓስፖርቱን ባሕር ማዶ ልኮ ወራት አይጠብቅም።

በመጨረሻ፣ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ቢጫ ካርድ ሲሰጥ አብሮ አንድ ቅጠል ማሳሰቢያ ይሰጥ። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል፤ ስለዚህ ካርዱን የሚቀበለው ሰው የውጭ ግዴታውን እንደተሸከመ መሆኑን በዚያው ዕለት ይወቅ። ከአሜሪካ ውጭ ለሚኖር ሰው የአሜሪካው የግብር ማስታወቂያ እስከ ሰኔ 8 እንደሚቀርብ፣ የሚከፈል ካለ ግን ወለዱ ከሚያዝያ 7 ጀምሮ እንደሚቆጠር ይጻፍበት። ቤት በብር ብድር የሚገዛም ይጠንቀቅ፦ ዶላር 57 ብር ሳለ 3,000,000 ብር ተበድሮ 130 ብር ሲገባ የመለሰ ሰው፣ ዕዳው በዶላር ሲሰላ ስላነሰ፣ ቤቱን ባይሸጥም 29,500 ዶላር ገደማ «የምንዛሬ ትርፍ» አገኘ ይባላል። ለዓመታት ሳያስታውቁ ለቀሩም መውጫ መኖሩ ይነገራቸው፤ ጥፋቱ ባለማወቅ ከሆነ የ3 ዓመት ማስታወቂያና የ6 ዓመት ኤፍባር በፎርም 14653 ከቃል ማረጋገጫ ጋር አቅርቦ፣ ያለበትን ታክስና ወለድ ከፍሎ፣ ያለ ቅጣት መስተካከል ይቻላል። ይህ የሚሠራው የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት (አይአርኤስ) ራሱ ምርመራ ሳይጀምር በፊት ብቻ ነው። ፈርተው ዝም ያሉትን ሰዎች የሚጎዳቸው ይህን አለማወቃቸው ነው።

የጠየቅነውን የአንድ ገጽ ማረጋገጫ ናሙና በሁለቱም ቋንቋ አዘጋጅተናል፤ በተጠራን ጊዜ ይዘን እንቀርባለን።

ከሰላምታ ጋር፣
በሐዋሳ ከተማ የምንሠራ የሂሳብና የታክስ ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለገቢዎች ሚኒስቴር
ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ
ለኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት