ናቲ፣ ስለ ሰይጣን ዋሻው ያልነገርኩህ ነገር አለ

ናቲዬ የኔ ጌታ እንዴት ሰነበትክ፣ እኔ ደህና ነኝ ጉልበቴ ብቻ ነው እንደ ልማዱ። ትላንት ስትደውል ከጓደኞችህ ጋር ገደል ልትወጡ ፍሬንኪሼ ሽቫይዝ፣ እዚሁ ጀርመን ያለው ገደላማ አገር፣ እንደምትሄዱና መጀመሪያ ቶይፈልስሆለ፣ ያ የሰይጣን ዋሻ፣ እንደምትገቡ ስትነግረኝ "እሺ ጎሽ" ብዬ ዘጋሁት አይደል፣ ከዛ ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስልክ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም፣ አንተም ትቸኩላለህ እኔም ይጠፋብኛል፣ ስለዚ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ አልኩ። ፊደሉንም እንዳትረሳው ይጠቅምሃል ሃሃ።

ያኔ የሄድን ጊዜ ስምንት ዓመትህ ነበር። የወሰድኩህ በአንዲት ኦማ፣ በአንዲት አሮጊት ምክንያት ነው፣ አልተንሃይም፣ የአረጋውያን ቤት፣ ሥራ ስጀምር መጀመሪያ የተመደበችልኝ፣ ጠዋት ጠዋት ጸጉሯን ሳበጥርላት ዋሻው ስላለበት ከተማ ስለ ፖተንሽታይን ብቻ የምታወራ። እዛ ነው ያደገችው። "ልጅሽን ዋሻው ውሰጂው፣ የድሮውን ድብ አጥንት ይይ" ትለኝ ነበር። እኔም አንድ ቅዳሜ ከኑርንበርግ እስከ ፔግኒትስ በባቡር ከዛ በአውቶቡስ ይዤህ ሄድኩ። የቦታው ስም "የሰይጣን ዋሻ" መሆኑ የገባኝ በሩ ላይ ስደርስ ነው በል! የላስታ ልጅ ነኝ እኮ፣ ለኔ ዋሻ ማለት ይምርሐነ ክርስቶስ ነው፣ ከአያቴ ጋር በእግራችን ሄደን የተሳለምነው፣ ቤተ ክርስቲያን ዋሻ ውስጥ ቁጭ ያለበት። እዚህ ደግሞ አፉ ትልቅ ጥቁር ስለሆነ ድሮ የአገሩ ሰው የሲኦል በር ነው ይል ነበር አሉ። ሦስቴ አማተብኩና ገባን፣ አንተ ግን እጄን እየጎተትክ ፊት ፊት ነበርክ።

ሐምሌ ነው ውጪው ያቃጥላል፣ ውስጡ ግን ክረምት ከበጋ 9 ዲግሪ ነው። በቁምጣ ነበርክ ነጠላዬን ጠቅልዬህ እንደ ትንሽ ዲያቆን ሆነህ ነው የዞርከው። የጉብኝቱ መንገድ 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደረጃው አያልቅም። ባርባሮሳዶም የሚሉት ትልቁ አዳራሽ ጋ ስንደርስ ግን እኔም ዝም አልኩ። ከጣራው የተንጠለጠለው ከመሬቱ የበቀለው ድንጋይ፣ ሁሉም ከጠብታ ነው የተሠራው፣ ዝናቡ አፈሩን አልፎ ሲወርድ ጋዝ ይዞ ትንሽ ኮምጠጥ ይላል፣ ኖራ ድንጋዩን ያሟሟና ዋሻው ውስጥ ሲንጠባጠብ ያንኑ ኖራ መልሶ ይጥለዋል፣ እንዲህ እያለ በስንት ሺህ ዓመት ያድጋል። አለቱ ራሱ የባህር ወለል ነበር፣ ከዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እዛ አገር ሙቅ ባህር ሆኖ ስፖንጅ ይበቅልበት ነበር፣ ዛሬ ጓደኞችህ የሚንጠለጠሉበት ገደል የዛ ቅሪት ነው።

ድቡን ታስታውሳለህ? አጥንቱ ተገጣጥሞ የቆመውን። "እማ ተኝቶ ነው የሞተው?" ብለህ ጠየቅከኝ፣ እኔም አዎ አልኩህ ዝም ብዬ፣ ኋላ ሳነብ ለካ እውነት ነው፣ የዋሻ ድብ፣ ከምድር የጠፋው ያ የድሮ ድብ፣ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ለክረምት እንደተኛ ነው፣ በቂ ስብ ሳይዝ የገባ አይነቃም። ሳይንሱ ስሙን ያገኘው ደግሞ ከዛው አካባቢ ነው፣ ቡርግጋይለንሮይት ጋ ካለችው ጾሊትንሆለ ከምትባል ዋሻ። ኤስፐር የሚባል ቄስ በ1774 ስለ አጥንቶቹ መጽሐፍ ጻፈ፣ በ1794 ደግሞ ሮዘንሙለር የሚባል ወጣት ድቡን ኡርሱስ ስፔሌኡስ አለው፣ የዋሻ ድብ ማለት ነው። ከዛ በፊት ጀርመን አገር እንዲህ ያለ አጥንት የዘንዶ ነው የባለ አንድ ቀንድ ፈረስ ነው እየተባለ ለመድሃኒት ይፈጭ ነበር፣ እኛ ብቻ አይደለንማ።

ከዋሻው ስንወጣ ሐይቁ ጋ ሄድን፣ ሾንግሩንድዜ። ፔዳል ጀልባ ተከራየን፣ አንተ እግርህ አይደርስም እኔ ብቻ እየረገጥኩ ላብ በላብ ሆንኩ፣ የያዝነውን ዳቦ ለዳክዬ ጨረስከው። ፎቶው አሁንም ሳሎን አለ። ከልጅነትህ ደስ ካለኝ ቀን አንዱ ነው፣ እውነቴን ነው።

ሰኞ ሥራ ስገባ ለኦማ ሁሉንም ነገርኳት፣ ጀልባውን ሳይቀር። ማበጠሪያው እጄ ላይ እያለ "ሐይቁን እስረኞቹ ናቸው የቆፈሩት" አለችኝ። ቀስ ብላ ነው የነገረችኝ፣ ልጅ ሆና ባለ መስመር ልብስ የለበሱ ሰዎች አካፋ ይዘው በመንገድ ሲያልፉ ታይ ነበር፣ እናቷ ከመስኮቱ ዞር በይ ትላታለች። ሌላ አልጨመረችም። በሚቀጥለው ቀን ስጠይቃት ስለ ቡና አወራችኝ።

እኔ ጀርመንኛዬ ያኔ ደካማ ነው፣ አስጎብኚው ተናግሮም ከሆነ አልሰማሁትም። ቤት መጥቼ ፈልጌ አነበብኩት። ከ1942 እስከ 1945 ፖተንሽታይን ውስጥ ፍሎሰንቡርግ የሚባለው የናዚ ማጎሪያ ካምፕ ቅርንጫፍ ነበር፣ ከ700 በላይ ሰው አልፎበታል፣ ከብዙ አገር የመጣ፣ የሞተም ብዙ አለ። ሐይቁን የገደቡት እነሱ ናቸው፣ ዋሻውም ውስጥ አስቆፍረዋቸዋል። ያሠራቸው ሰውዬ ደግሞ ሃንስ ብራንት ነው፣ የባይሮይት ጂኦሎጂስት፣ ከ1922 ጀምሮ ዋሻውን ለጎብኚ የከፈተው ራሱ! ኋላ የሂትለር ጦር የኤስኤስ መኮንን ሆኖ ካርስትቬር የሚባል ጦር አቋቋመ፣ እንዲህ ባለ የኖራ ተራራና ዋሻ ባለበት አገር የሚዋጋ። ዋሻ የሚወድ ሰው ነበር ማለት ነው። ይሄ ነው እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ፣ የማይወድ ቢሆን ይቀለኝ ነበር መሰለኝ።

ላንተ አልነገርኩህም። ስምንት ዓመት ልጅ ነህ፣ ስለ ድቡ ስታወራ ትከርማለህ፣ ትምህርት ቤት ሳይቀር ሥለኸው ነበር። አድጎ ይማረዋል አልኩ፣ ከዛ አንድ ዓመት ሁለት ዓመት እያለ ይኸው 19 ሞላህ። ያቺ ኦማም ካረፈች ቆየች። ፎቶውን ባየሁ ቁጥር እናቷ ዞር በይ እንዳለቻት እኔም አንተን ዞር በል እንዳልኩህ ይሰማኛል።

አትሂድ አይደለም የምልህ፣ ሂዱ። ጀልባም ተሳፈሩ ከፈለጋችሁ፣ ሐይቁ ምን አደረገ። ግን አንተ የምታውቅ ሆነህ ሂድ፣ ለጓደኞችህም ንገራቸው፣ ከመግባታችሁ በፊት ይሁን ከወጣችሁ በኋላ አንተ ታውቃለህ።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልንገርህ። ቲውሸርስፌልድ የምትባለውን መንደር እንዳታልፏት፣ ቤቶቹ እንደ ጣት በቆሙ ትልልቅ አለቶች ሥር ተለጥፈው አንዱ የሚወድቅ ይመስልሃል፣ ሙዚየሙ ያለው ዩደንሆፍ የሚባለው ግቢ ነው፣ የድሮ ምኩራብ አለው። ሪዘንቡርግ ደግሞ በነጻ ነው፣ ጣራው የተናደ ዋሻ፣ የቀረው ድልድይ ድልድይ መስሎ ቆሟል፣ ከሁሉም እኔ የወደድኩት እሱን ነው። መብራትና አስጎብኚ የሌላቸው ትንንሽ ዋሻዎች ጋ ግን ጥቅምት ከገባ እንዳትሞክሩ፣ ማለቴ የፈረንጆቹ ኦክቶበር፣ ከ1 ኦክቶበር እስከ 31 ማርች የሌሊት ወፍ ስለሚተኛባቸው በሕግ ክልክል ነው። ከተቀሰቀሱ ያጠራቀሙትን ስብ ይጨርሱና ይሞታሉ፣ እንደ ድቡ።

የገደል መውጣቱን ነገር… ምን እልሃለሁ። ያ ቀይ ነጥብ የምትሉት ነገር ከዛው አካባቢ እንደመጣ አንተው ነግረኸኛል፣ ኩርት አልበርት በ1975 በገመድ ሳይንጠለጠል ለሚወጣው መንገድ ቀይ ነጥብ መቀባት ጀመረ ብለህ። እሺ፣ ግን እሱም በ2010 እዛው ፍራንከን ውስጥ ወድቆ ነው የሞተው፣ ያንን አልነገርከኝም፣ እኔ ነኝ ያነበብኩት። አየህ አንተም ትደብቃለህ። ሄልሜት፣ ናቲ። ሄልሜት።

ደግሞ ለገና ዋዜማ ከመጣህ አንድ ቀን አብረን እንሂድ። በ6 ጃንዋሪ ማታ ፖተንሽታይን ዙሪያውን ተራራው ላይ ሺህ የሚጠጋ እሳት ያበራሉ፣ ሊሽተርፌስት ይሉታል። ኦማ ስትነግረኝ ደመራ ነው እንዴ ብዬ ሳቅኩባት። እኔ ጾም ላይ ነኝ፣ ብራትቩርስት እየሸተተኝ መቆም ነው እንግዲህ፣ ግን ከሷ ጋር እንሄዳለን ብለን ሳንሄድ ቀርቷልና አንዴ ማየት እፈልጋለሁ።

የራስ መብራትህ የኮሪደሩ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ባትሪው ደክሟል። ሹራብ ያዝ፣ ነጠላ ይዤ አልከተልህም አሁን። እሁድ ስትመለሱ እዚህ ትበላላችሁ አይደል? ያቺ ጸጉሯን አረንጓዴ የተቀባችው ልጅ ሥጋ ትበላለች ወይስ ሽሮ ላድርግ? ቶሎ ጻፍልኝ፣ ቅዳሜ ሳልገበይ።

እማ