ማድረቂያ ማሽናችሁን ከቦታው ከማንሳታችሁ በፊት (ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ)

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ክረምቱ እየመጣ ነው፣ ገመድ ላይ የተሰጣ አንሶላ ሁለት ቀን ውሎ አድሮም እርጥብ የሚሆንበት ጊዜ፣ ስለዚህ እንደተለመደው በዚህ ሰሞን የምትደውሉልን በጋዝ ስለሚሠራው የልብስ ማድረቂያ ነው። ዘንድሮ ግን ጥያቄያችሁ ለየት ብሏል። መንገድ ዳር ያላችሁ የሕንፃችሁን ፊት እያደሳችሁ ነው፣ ኮሪደር ልማቱም አለ፣ እና በመንገዱ በኩል ብቅ ብሎ የነበረው የማድረቂያ ቱቦ ከዓይን ይጥፋ፣ ወደ ጓሮ ይዙር፣ ሲሊንደሩም አብሮ ይነሳ ትሉናላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ "የጋዝ ጎማ ቀጥሉበትና ማሽኑን ወደዚያኛው ግድግዳ ግፉት፣ በቃ" ትላላችሁ፣ ከዛ ዋጋ ስንነግራችሁ ቅር ይላችኋል። ቅሬታው ይገባናል፣ ግን ለምን ጎማ ቀጥለን ብቻ እንደማንሄድ አንዴ በጽሑፍ ብናስረዳችሁ ይሻላል ብለን ነው።

ብዙ ሰው ማሽኑን የሚያስቀምጠው ጋዙ ባለበት ነው። እኛ የምንሠራው በተቃራኒው ነው፣ መጀመሪያ አየሩ በየት በኩል እንደሚወጣ እናያለን፣ ማሽኑን እዚያ እናቆማለን፣ ጋዙን ከዚያ በኋላ እናመጣለታለን። ምክንያቱም ጋዝ በትክክለኛ ውፍረት ባለው የመዳብ ቱቦ ከሄደ 10 ሜትርም ተጉዞ ግፊቱን ይዞ ይደርሳል። የማድረቂያው አየር ግን አይችልም። የሚገፋው አንድ ማራገቢያ ነው፣ የተሸከመው ደግሞ እርጥበትና ከልብሱ የሚወጣው ጥጥ መሳይ ብናኝ፣ በየጎሚቶው (ቱቦው በሚታጠፍበት መገጣጠሚያ) እየደከመ ይሄዳል፣ በደከመበት ቦታ ላይ ብናኙን ይጥለዋል።

የአሜሪካ የቤት ግንባታ ኮድ ለዚህ ልክ አበጅቶለታል፣ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ቢበዛ 10.7 ሜትር፣ ከዛ ላይ ለእያንዳንዱ 90 ዲግሪ ጎሚቶ 1.5 ሜትር ይቀነሳል (የማሽኑ ማኑዋል ሌላ ቁጥር ካለው ማኑዋሉ ይበልጣል)። እንበል እዚህ ባህር ዳር ሽምብጥ በኩል አንድ ገስት ሀውስ ቱቦውን በኮርኒስ ላይ አድርጎ ወደ ጓሮ ማዞር ፈለገ፣ 8 ሜትር ቱቦና ሦስት ጎሚቶ። ሲታይ አጭር ይመስላል፣ ጎሚቶዎቹ ተደምረው ሲሰላ ግን 12.5 ሜትር ነው፣ ልኩን አለፈ። ያንኑ ማሽን ወደ ጓሮው ግድግዳ አስጠግታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ብታወጡት ሁለት ሜትር ቱቦና አንድ ጎሚቶ ይበቃዋል፣ 3.5 ሜትር ማለት ነው። ጋዙ ነው እንግዲህ ረጅሙን መንገድ የሚሄደው።

እዚህ ላይ ማንም የማያስበው ነገር አለ። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ማሽን ሞተሩ የተሠራው ለ60 ኸርዝ (መብራቱ በሴኮንድ ለሚመላለሰው ልክ) ነው፣ የኛ መብራት 50 ነው። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ስለዚህ ሞተሩ ከታሰበለት ፍጥነት አንድ ስድስተኛውን ያህል ቀንሶ ነው የሚዞረው፣ ማራገቢያውም እንደዛው። ስለዚህ 10.7 ሜትር የሚለው ቁጥር ለእንዲህ ያለ ማሽን ራሱ ረጅም ነው፣ እኛ ግማሹን እንኳን ባናልፍ ደስ ይለናል። ከዱባይ የመጡት 50 ኸርዝ ስለሆኑ ይሄ ችግር የለባቸውም።

ቱቦው ውስጡ ለስላሳ የሆነ የላሜራ ቱቦ መሆን አለበት። ያ ብርማ ተጣጣፊው ከማሽኑ ጀርባ እስከ ግድግዳው ላለችው አጭር መንገድ ብቻ ነው፣ ብረት የሆነው ከሆነ፣ ግድግዳና ኮርኒስ ውስጥ ግን አይገባም። ፕላስቲኩንማ ጭራሽ አታስገቡ። መገጣጠሚያው በአሉሚኒየም ቴፕ ይታሸጋል፣ ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚገባ ብሎን አንመታም፣ ብናኙ የሚይዘው እዚያ ጫፍ ላይ ስለሆነ። በዚሁ ምክንያት ጠባቡ ጫፍ ሁልጊዜ አየሩ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ነው የሚገባው። ብናኝ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ፣ እሳት ለማያያዝ ደህና ነገር ነው። በፈረንጆቹ ከ2008 እስከ 2010 ባለው ጊዜ አሜሪካ ውስጥ በዓመት 2,900 ገደማ የቤት እሳት ከማድረቂያ ማሽን ተነስቷል፣ ቀዳሚው ምክንያት ደግሞ አለማጽዳት ነው።

አሁን የኛው የሐይቅ ዳር ጣጣ። ትንኝ ይገባል፣ ወፍ ጎጆ ይሠራበታል ብላችሁ የቱቦው አፍ ላይ ወንፊት የምታስሩ ብዙ ናችሁ። ትንኙን እናውቀዋለን፣ ማታ አምፖል ስር የሚከመረውን ማን ያጣዋል፣ ግን ወንፊቱ ብናኙን ይዞ በሳምንታት ውስጥ ቱቦውን ይደፍነዋል፣ ማሽኑ ይግላል፣ ልብሱ አይደርቅም፣ ጋዝ ይበላል። በወንፊት ፈንታ በራሱ የሚከፈትና የሚዘጋ ክዳን እንገጥማለን። ክዳኑ ወደ ሐይቁ ፊቱን ካዞረ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ንፋስ መልሶ ይዘጋዋል፣ ስለዚህ አማራጭ ካለ ወደ ጎን ወይ ወደ ጓሮ፣ ከመስኮትና ከበር ደግሞ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር አርቀን።

ቱቦ አያስፈልግም፣ አየሩን ባልዲ ውሃ ውስጥ እንልቀቀው የሚለውንም ሰምተናል። ያ በመብራት ብቻ ለሚሠራ ማሽን የተሠራ ነገር ነው። በጋዝ የሚሠራ ማድረቂያ ከእርጥበቱ ጋር የሚያወጣው የቃጠሎ ጭስም ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊኖርበት ይችላል፣ እሱ ደግሞ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ይሄን አጥብቀን የምንለው በክረምት ዘበኛው ሙቀት ፈልጎ ላውንደሪ ክፍል የሚያድርባቸው ቤቶች ስላሉ ነው። እባካችሁ ሌላ ማደሪያ ስጡት።

ወደ ጋዙ እንምጣ። የኛ ጋዝ የሲሊንደር ቡታጋዝ ነው፣ ከአየር ይከብዳል፣ ሲያፈስ ወደ ላይ አይሄድም፣ ወለል ለወለል ሄዶ ጉድጓድና የፍሳሽ ቀዳዳ ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ውጪ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ከፍሳሽ መውረጃና ከምድር ቤት የራቀ ይሆናል። ደረጃ ስር ቦታ አለ የምትሉን፣ አይሆንም። ከውጪ ወደ ውስጥ የሚገባው የመዳብ ቱቦ ነው፣ ጎማ ግድግዳ አቋርጦ አያልፍም፣ ፋሼታው (የጎማው ማሰሪያ) ቢላላ ማን ያየዋል? ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው። ግድግዳው ውስጥ ያፈሰሰ ጋዝ ከብሎኬት ብሎኬት እየተሻገረ ያልታሰበ ክፍል ውስጥ ሊወጣ ይችላል። ለዚህ ነው መዳቡን በሌላ ወፍራም ቱቦ ውስጥ የምናሳልፈው፣ በውስጥ በኩል የታሸገ፣ በውጪ በኩል ክፍት፣ ቢያፈስ እንኳን ወደ ውጪ እንዲወጣ። ሰው "ሁለት ቱቦ አስከፈሉኝ" የሚለው ይሄንን ነው።

ከማሽኑ አጠገብ እጅ የሚደርስበት መዝጊያ ቫልቭ እናደርጋለን፣ ከማሽኑ ጀርባ ተደብቆ ማሽን ካልጎተቱ የማይደረስበት ቫልቭ እንደሌለ ነው የምንቆጥረው። ሥራው ሲያልቅ መስመሩን በግፊት እንፈትሻለን፣ እያንዳንዱን መገጣጠሚያም በሳሙና አረፋ። በክብሪት የሚፈትሽ ባለሙያ ካያችሁ ከቤታችሁ አስወጡት።

ማሽኑ ለተፈጥሮ ጋዝ የተሠራ ከሆነ ሳይቀየር በሲሊንደር አይሠራም፣ ኖዝሉ (ጋዙ የሚወጣበት ቀዳዳ) ሰፊ ስለሆነ እሳቱ ይበዛል፣ ጥላሸትና ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ባህር ዳር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። በአሜሪካ የጋዝ ኮድ ስሌት በየ300 ሜትሩ የእሳቱ ኃይል 4 በመቶ ይቀነሳል፣ ለኛ ከተማ ወደ 24 በመቶ ይሆናል፣ አምራቹ የራሱ የከፍታ ሠንጠረዥ ካለው በሱ እንሄዳለን። ኖዝሉ ዕቃው ትንሽ ነው፣ ዋጋው ላይ ግን ለብቻው የምንጽፈው ለዚህ ነው፣ እናንተም ስታወዳድሩ ሌላው ሰው ይሄን አስገብቶታል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ጋዝ ከሸተታችሁ ሲሊንደሩን ዝጉ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ መብራት አታብሩም አታጥፉም፣ ማራገቢያም አትንኩ፣ ውጪ ወጥታችሁ ደውሉ።

ለማዛወር ያሰባችሁ፣ ከማሽኑ ጀርባ ያለውን ስም ሰሌዳ (ቮልት፣ ኸርዝ፣ የጋዝ ዓይነት የተጻፈበትን) ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ላኩልን፣ ማሽኑ ይቆማል ያላችሁበትን ግድግዳም ከውስጥና ከውጪ፣ ዋጋውን ሳንመጣም ገምተን ልንነግራችሁ እንችላለን። ግንበኛው ግድግዳውን ከመበሳቱ በፊት ቢሆን ደግሞ በጣም ጥሩ፣ አንዴ ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ ስትጠሩን ለእናንተም ወጪ ነው። ሥራው በሚሠራበት ቀን ጋዙ ይዘጋል፣ ኩሽናችሁም ከዚያው ሲሊንደር የሚጠቀም ከሆነ ወጥ ቤቶቹ ምሳውን ቀድመው ያብስሉ። ሰኔ ከገባ ወረፋ ይበዛል፣ ከአሁኑ ቀጠሮ ያዙ።

ከአክብሮት ጋር
የጋዝ መስመርና የላውንደሪ ማሽን ባለሙያዎቻችሁ፣ ባህር ዳር