በለስ በጊቢያችን፦ የአትክልትና የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የክበባችን አባላት በመስከረም ወር ባደረግነው የመጀመሪያ ስብሰባ በጊቢያችን የትኛው የፍራፍሬ ዛፍ ቢተከል እንደሚሻል ሲመክሩ፣ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በለስ ይሁን የሚል ሐሳብ አቀረበች። በለስ ሲባል ለብዙዎቹ የታያቸው እሾሃማው የቁልቋል ፍሬ ስለነበር፣ ተማሪዋ የተናገረችው በመጽሐፍ ቅዱስ ስሙ ደጋግሞ ስለሚነሳው፣ ቅጠሉ እንደ እጅ መዳፍ ስለተከፋፈለው ዛፍ መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ክርክሩ ረዘም አለ። በመጨረሻ ሐሳቡ በድምፅ ብልጫ አለፈ።

በጥቅምት ወር የአንድ አባል ወላጅ ከአዲስ አበባ ካመጡልን የደረቀ በለስ ዘሩን አውጥተን በመደብ ላይ ዘራን፤ በርከት ያለ ችግኝም በቀለልን። በዚህ ላይ የተፈጸመው ስሕተት የእኔ ነው፤ ዘር ከማስዘራቴ በፊት ስለ በለስ አረባብ ጠንቅቄ ማንበብ ይገባኝ ነበር። ከዘር የበቀለ በለስ እናቱን አይመስልም፤ ከሚበቅለውም ግማሽ ያህሉ ፍሬው የማይበላ ወንድ ዛፍ ይሆናል። ከዚህም በላይ፣ ከቱርክ ደርቆ የሚመጣው በለስ በአብዛኛው ስሚርና ከሚባለው ወገን ነው፤ ይህም አንዲት ጥቃቅን ተርብ የወንዱን ዛፍ ብናኝ ካላመጣችለት ፍሬውን ሳያበስል ያረግፋል።

ነገሩን በቃል ብቻ ከማስረዳት ይልቅ፣ ከትምህርት ቤቱ በታች ወንዝ ዳር ካለው፣ የበለስ ዘመድ ከሆነው ሾላ ሊበስል የደረሰ ፍሬ ቀጥፈን በቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ላይ ለሁለት ሰነጠቅነው። ፍሬ የምንለው ነገር በእርግጥ አበቦቹን ወደ ውስጥ የያዘ ከረጢት መሆኑን ተማሪዎቹ በማጉያ መነጽር አዩ። ጥቂት ቆይቶም ከጤፍ ቅንጣት እምብዛም የማይበልጡ ጥቋቁር ተርቦች ከአበቦቹ መካከል እየወጡ በነጩ ወረቀት ላይ ተበተኑ፤ ክፍሉም በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ሾላም ዋርካም የየራሳቸው ተርብ አላቸው፤ የሾላ ተርብ ግን ለበለስ አታገለግልም። በካሊፎርኒያ የስሚርና በለስ የተከሉ ገበሬዎች ፍሬው እየረገፈባቸው ለዓመታት ሲቸገሩ ቆይተው መፍትሔ ያገኙት፣ እ.ኤ.አ. በ1899 የበለሷ ተርብ ከውጭ መጥታ እዚያው ከተላመደች በኋላ ነበር። እንደ ብራውን ተርኪ፣ ብላክ ሚሽንና ካዶታ ያሉት ዝርያዎች ግን ያለ ተርብ ያፈራሉ። ስለዚህ በለስ የሚተክል ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማጣራት ያለበት የፍሬውን መልክና ጣዕም ሳይሆን እናት ዛፉ በዚሁ በአካባቢው ፍሬ አብስሎ መታየቱን ነው ብዬ አምናለሁ።

እንዲህ ያለውን ዛፍ በፍኖተ ሰላም አቅራቢያ በሚኖሩ አንድ አረጋዊ ጓሮ አገኘን። የዝርያውን ስም ባያውቁም ዛፉ ሳያፈራ ያለፈበት ዓመት እንደሌለ ነገሩን። አንድ ተማሪ «አባባ፣ መብሰሉን በምን ያውቃሉ?» ብሎ ሲጠይቃቸው አንዱን ፍሬ በጣታቸው ደገፍ አድርገው «አንገቱን ሲደፋ ቅጠፈው፣ ልጄ፤ ቀና ብሎ ሳለ ከቀጠፍከው ቤት አስቀምጠህ አታበስለውም» አሉት። በእርግጥም በለስ እንደ ሙዝና እንደ ማንጎ ከተቀጠፈ በኋላ የሚበስል ፍሬ አይደለም።

ዛፉ ቅጠሉን ባራገፈበት በጥር ወር፣ በእሳቸው ፈቃድ፣ የእርሳስ ውፍረት ያላቸው ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙ 30 የቅርንጫፍ ቁራጮች ወሰድን። እያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ ሦስት ዓይን (ቅጠል የሚፈነዳበት ቦታ) ነበረው፤ ታችኛውን ጫፍ የቆረጥነውም ከዓይን ሥር ነው። ከቁስሉ የሚፈሰው ነጭ ወተት ቆዳን ስለሚያቃጥል ተማሪዎቹ ጓንት አድርገው ሠርተዋል። ቁራጮቹን ከቀይ አፈር፣ ከአሸዋና ከበሰበሰ ፍግ በተዘጋጀ ድብልቅ በተሞሉ ፕላስቲኮች ውስጥ፣ ሁለት ሦስተኛቸው እስኪቀበር ድረስ ተከልን። ይሁን እንጂ አባላቱ በተራ ጠዋትና ማታ ውኃ በማጠጣታቸው 11 ቁራጮች ከሥር በሰበሱ፤ ቅጠል የሌለው ቁራጭ ብዙ ውኃ አይፈልግምና። ከዚያ በኋላ ጣታችንን ወደ አፈሩ አስገብተን መድረቁን ሳናረጋግጥ ላለማጠጣት ተስማማን። አንዱ ደግሞ ቅጠል ማውጣቱን ያየ ተማሪ ሥር መስደዱን ለማየት ሲስበው ተነቅሎ ቀረ፤ በለስ ሥር ሳይሰድድ በቁራጩ ውስጥ ባለው ስንቅ ብቻ ቅጠል ሊያወጣ እንደሚችል ለሁሉም ግልጽ የሆነው በዚህ ነው።

ከተረፉት 18 ችግኞች 6ቱን አባላቱ ለየቤታቸው ወሰዱ፤ 12ቱን በሰኔ ወር በጊቢው ተከልን። ታችኛው ሜዳ ለመቆፈርም ለማጠጣትም ቢቀርብም፣ ዋልካው በሐምሌና በነሐሴ ውኃ ስለሚያቁር የመረጥነው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኘውን የላይኛውን ቀይ አፈር ነው። የአካባቢያችን ቀይ አፈር አሲዳማነት ስለሚያጠቃው ገበሬዎች ኖራ እንደሚበትኑበት ሁሉ፣ እኛም በየጉድጓዱ ጥቂት አመድ ከኮምፖስት ጋር ቀላቅለናል። በዛፎቹ መካከል 5 ሜትር ርቀት ሰጥተናል፤ ሥራቸው ሩቅ የሚሄድ ስለሆነም ከመማሪያ ክፍሎቹ ግድግዳ አርቀናቸዋል።

ከዘር የበቀሉትን ችግኞች ለመንቀል ሐሳብ ባቀርብም አባላቱ ሁለቱ እንዲቀሩ ጠየቁ፤ ጥያቄያቸውንም ተቀብያለሁ። በአጥሩ ጥግ ለብቻቸው ተተክለው «ከዘር» የሚል ሰሌዳ ተሰክቶባቸዋል። ክረምቱን የሚጠብቋቸው በአቅራቢያው የሚኖሩ አራት ተማሪዎች ናቸው።